ጿሚው ቢላ

ቢላ እየሸጠ «ቢላ አትግዙ» ሲል የሚውል ሰው ናይሮቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የቀኝ እጄ አንጓ «ከእንግዲህ አላገለግልህም» ብሎ ሥራውን ከለቀቀ ወዲህ፣ መሃል ከተማ ባለው የባለቤቴ ታናሽ እህት የሰናይት የወጥ ቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ተቀምጫለሁ። ስንትና ስንት በሬ የበለተ እጅ ዛሬ የሚቆርጠው ደረሰኝ ብቻ ነው፤ እሱንም እያመመኝ ነው።

በቀደም ኪሌሌሽዋ የምትኖር፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ እህታችን መጣች። አዲስ አፓርታማ ገብታለች። በእንጨት ማቆሚያ ላይ የተሰካውን ባለ ብዙ ቢላ እሽግ አየችና ዓይኗ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ስንት ቢላ አለው?»

«አንድ ክፍለ ጦር የሚያስታጥቅ» አልኳት።

«ሁሉም ያስፈልጋል?»

«ዝሆን ታርጃለሽ?»

ሳቀች። «ኧረ እኔ ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ አልፎ አልፎ ሥጋ…»

«እንግዲያው ሦስት ይበቃሻል። ከመምረጥሽ በፊት ግን ልጠይቅሽ፤ ቤትሽ ማን ነው የሚበላው?»

«እንዴት ማለት?»

«የሚጾም አለ? ሙስሊም ጓደኛ ይመጣል? እናትሽ ከአገር ቤት ይመጣሉ?»

«እናቴማ ለፍልሰታ ትመጣለች» አለች። ከዚያ ሦስት ቢላ አንስታ ከፍላ ሄደች። ሰናይት ከሂሳብ መቀበያው ጀርባ ሆና የወረወረችብኝ ዓይን መደብሩ ውስጥ ካለው ስለት ሁሉ የባሰ ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ የምትሠራው ለእኔ ነው ወይስ ፊት ለፊት ላለው ሱቅ?»

እውነቱን ለመናገር ለሁለቱም አይደለም። ዛሬም የምሠራው ለጋሽ ወልዴ ነው። «ማን ነው የሚበላው?» ብዬ እንድጠይቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርቱ ምን እንዳስከፈለ ለመናገር ግን ከሥር መነሳት ይኖርብኛል።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ነው። ቢላችን አንድ ነበረ። በእሱ በሬ እንበልታለን፣ በእሱ ሎሚ እንቆርጣለን፣ ባለቤቱ ሲናደዱ ደግሞ በእሱ ያስፈራሩናል። ከዚያ ሞያሌ ወርጄ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ጥብስ ጠበስኩ፤ የዚያ አገር ፀሐይ ሥጋውን ከእኔ ቀድማ ስለምታበስለው ሥራው ቀላል ነበር። ናይሮቢ ስገባ የሥራ ፈቃድ ጉዳይ የጸጉሬን ግማሽ ወሰደው። የቀረውን ግማሽ የወሰደው መሃል ከተማ የተቀጠርኩበት ትልቅ ሆቴል ነው።

የሆቴሉ ሼፍ ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ቢላ ነበረው። ለዳቦ ሌላ፣ ለቲማቲም ሌላ፣ ለአሳ ቆዳ ሌላ፣ ለአሳ ሥጋ ሌላ። አንደኛው ቢላ ሌሎቹን ለመጠቆም ብቻ የተገዛ ይመስለኛል። እጅ የሚባለውን ነገር በእርግጥ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ክፉ ልማድም እዚያው ለመድኩ። ቅርብ ያለውን ቢላ ታነሳለህ፣ ትቆርጣለህ፣ ትወረውራለህ። አጣቢዎቹ ለቅመው፣ በፈላ ውሃ ቀቅለው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ያ ቢላ ቀደም ሲል ምን ነክቶ እንደነበር አንተን አያገባህም።

ከዚያ ተነስቼ ኪሊማኒ፣ ጋሽ ወልዴ ምግብ ቤት ስገባ በጨርቅ የተጠቀለለ የቢላ ሸክም በብብቴ ይዤ ነበር። ጋሽ ወልዴ አጠር ደልደል ያሉ፣ ከሦስት ቃል በላይ ሲናገሩ የሚደክማቸው ሰው ናቸው። ጥቅሌን እንደ ወርቅ ሻጭ ዘረጋሁላቸው። አንድ በአንድ አዩት።

«ጦር ሜዳ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«ለየሥራው የየራሱ ቢላ አለው ጋሼ።»

«በል ጠቅልልና ቤትህ አስቀምጠው። እዚህ ሦስት አለን።»

ሦስቱ እነሆ። አንደኛው፣ እዚህ ፉንዲ የሚሉት አንድ የአገሩ ባለእጅ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው፣ መገጣጠሚያና አጥንት የሚለይ ከባድ ቢላ ነው። ሻለቃ እንለዋለን። ሁለተኛዋ ረጅምና ስስ፣ ቁርጥ የምታወጣ፣ ክትፎ የምትከትፍ፤ እመቤት። ሦስተኛው ቀጠን ያለ፣ ጫን ሲሉት ትንሽ የሚለመጥ፣ በሽንኩርትና በጎመን፣ በድንችና በአሳ ላይ ብቻ የሚውል ነው። ሥጋ ነክቶ አያውቅም፤ በቅቤ አጠገብም አያልፍም። ከሁለቱ ርቆ፣ ምግብ ከሚወጣበት መስኮት ወዲያ በራሱ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ መሳያ ሞረዱ እንኳን የብቻው ነው። ስሙ ጿሚው። ከምግብ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ዓመት እስከ ዓመት የሚጾመው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን «ለአሳው የብቻው ቢላ ብንገዛስ?» አልኳቸው።

«ጿሚው ምን አነሰው?»

«ሆቴል ሳለሁ…»

«ሆቴል ሳለህ ማን እንደሚበላ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እዚህ እወቅ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪሊማኒ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት በአንድ ምሳ ሰዓት የማያስተናግደው ሰው የለም። አንዱ ጥግ ቁርጥ አውጡልኝ ይላል። ከጎኑ የምትጾም እህት ተቀምጣለች። ከእሷ አጠገብ የአየር መንገድ ሠራተኛ የሆነ ሙስሊም ወንድማችን አለ፤ የእኛ ሥጋ የክርስቲያን እርድ ስለሆነ እሱ አይነካውም። ጿሚው የጾመኛዋንም የሙስሊሙንም ሰሃን በአንድነት ይሸፍናል። ጋሽ ወልዴ ቢላ የሚቆጥሩት በሚቆረጠው ነገር ብዛት ሳይሆን በሚበላው ሰው ነበር፤ በዚያ ሂሳብ ደግሞ ሦስት ልኩ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሰውን «እንደምን አደራችሁ» ከማለታቸው በፊት ሦስቱን ቢላዎች ደህና አደራችሁ ይላሉ። ሞረዱን ውሃ አጠጥተው ከተረከዙ እስከ ጫፉ በአንድ ትንፋሽ ይስባሉ፤ ወደኋላ አይመልሱም። ስለቱን በጣት ሲሞክር ያዩትን ሰው ይገስጻሉ። የእሳቸው መሞከሪያ የበሰለ ቲማቲም ነው፤ ቢላው ሳይጫኑት በገዛ ክብደቱ ቆዳውን ካልከፈተ ገና ነው። እኔም ተምሬ፣ በመጨረሻ ጿሚውን ስስለው ሽንኩርቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱ ይከፈል ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን አሳ መተልተል ነው። ለጥብስ የሚሆን ቆሮሶ ከግራም ከቀኝም ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተቀራርቦ ይተለተላል። ቢላው ቆዳውንና ትናንሾቹን አጥንቶች ቆርጦ ያልፍና ልክ የጀርባው አጥንት ጋ ሲደርስ መቆም አለበት። ካለፈ አሳው ዘይት ውስጥ ይበታተናል፤ ካልደረሰ በላተኛው አጥንት ሲለቅም ይውላል። መድረሱን የሚነግርህ ጆሮ ነው። «ጥር ጥር» የሚለው ድምፅ ወፈር ሲል፣ እዚያ ላይ እጅህ ይቁም።

ያ አሳ ሐሙስ ሐሙስ የሚሠራው ለሐጂ ከድር ነበር። ሐጂ ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። እሳቸውና ጋሽ ወልዴ በወጣትነታቸው ከሞያሌ በአንድ የከብት መኪና፣ ከከብቶቹ መሃል ቆመው ነው ናይሮቢ የገቡት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሐሙስ ምሳ አብረው ይበላሉ። አንዱ የሌላውን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም፤ ተነጋግረውበትም አያውቁም። አሳ ማንም ስለማያርደው ለሁለቱም ይሆናል፤ አለቀ።

«ወልዴ፣ ይሄ ጿሚህ ሮመዳንንም ይይዛል?» ይላሉ ሐጂ።

«ካንተማ ይሻላል፤ ማፍጠሪያው ደረሰ ወይ እያለ አይጠይቅም።»

ጋሽ ወልዴ ከሦስት ቃል በላይ የሚያወጡት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር።

አንድ ሰሞን የሐጂ ታላቅ ወንድም ሼህ ሁሴን ለሕክምና ከሞያሌ መጥተው ሐጂ ቤት ተቀመጡ። ሐጂን እንደ አባት ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ስለ ሐሙሱ ምሳ ሲሰሙ ተቆጡ። የሌላ ሰው ወጥ ቤት ቢላ ምን እንደነካ በምን ታውቃለህ፤ ከእንግዲህ እንዳትሄድ አሉ። ሐጂ ለምነው ለምነው አንድ ነገር ብቻ አስፈቀዱ፤ ሼሁ ራሳቸው አንድ ሐሙስ መጥተው ሊያዩ። ይህን ሊነግሩን የመጡ ቀን ወንበር እንኳን አልሳቡም።

«ካመኑበት በጄ። ካላመኑ ግን ወልዴ፣ ከቃላቸው አልወጣም። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የምመጣው ለለቅሶ ብቻ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ወደ ወጥ ቤት ገብተው ጿሚውን ከምስማሩ አወረዱትና መክተፊያው ላይ አስቀመጡልኝ።

«የሐሙሱን አንተ ተልትለው። የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።»

ያ ሐሙስ ደረሰ። ዕድሌ ሆኖ የሠፈሩ ቢሮዎች በሙሉ ተማክረው የመጡ ይመስል ቤቱ ጢም አለ፤ ሁሉም ክትፎ፣ ሁሉም ቁርጥ። ጎድን ልለያይ ስል ሻለቃ ከበስተኋላዬ ተሰቅሏል። ዞሮ ማንሳት ሰነፍኩና በእመቤት ሰነዘርኩ። እመቤት አጥንት አልለመደችም፤ ከስለቷ አንድ ጥርስ ወለቀ። በተሸረፈ ቢላ ደግሞ ክትፎ አይከተፍም፤ ሥጋውን ይጎትተዋል። አስተናጋጁ በመስኮቱ «ክትፎ! ክትፎ!» ይላል። ያ የሆቴል እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄዶ ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ስለታም ቢላ አነሳ። በኋላ በፈላ ውሃ አጥበዋለሁ አልኩ ለራሴ። ክትፎው ወጣ። ወዲያው ደግሞ «እነሐጂ ደርሰዋል፣ አሳ!» ተባለ። ውሃው ገና አልፈላም። ቢላውን በጨርቅ ጠረግ አደረግኩና ተለተልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ አሳ ተልትዬ አላውቅም፤ ሊበር የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

አሳው ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ጋሽ ወልዴ ገቡ። አሳውን አላዩም። ያዩት መክተፊያው ላይ የተጋደመውን ጿሚውን ነው። ጣታቸውን ውሃ ነክረው ስለቱ ላይ አርከፈከፉ። ንጹሕ ቢላ ላይ ውሃ ይዘረጋል። ያኛው ላይ ግን ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተንከባለለ። ሞራ ነክቷል።

«ምን ቆረጥክበት?»

«ክትፎ።»

እሳቱን አጠፉ።

«ሌላ አሳ አለ ጋሼ። በሌላ ቢላ ቶሎ…»

«የቱ ሌላ ቢላ?»

የለማ። ሁለቱ የሥጋ ናቸው፤ ሦስተኛው ተበላሽቷል። ጥቂት ቢላ ለመያዝ የመረጠ ሰው ዕዳው ይሄ ነው፤ አንዱ ከቦታው ሲወጣ የሚተካው የለውም። ትልቁ ሆቴል ውስጥ ብሆን ኖሮ ስህተቴ በቢላዎቹ ብዛት ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ጋሽ ወልዴ ሽርጣቸውን ፈትተው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ሼህ ሁሴን እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ጢማቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ሐጂ ከጎናቸው ፈገግ ብለው አሳውን ይጠብቃሉ።

«ሼህ፣ አሳው ሥጋ በነካ ቢላ ተቆርጧል። ላቀርብልዎ አልችልም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሼሁ አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ቢያንስ እንከራከር ነበር።

«ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ» ብለው ተነሱ። «ከድር፣ እንሂድ።»

ሐጂ ጋሽ ወልዴን አዩዋቸው። ወንድማቸውን በክንዳቸው ደግፈው ወጡ።

የሆቴሉ ሼፍ ቢሆን ሞምባሳ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ይጮኽብኝ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን ጿሚውን አንስተው ከእመቤት ጎን ሰቀሉት።

«ገድፏል። ከእንግዲህ ከሥጋው ጋር ይሥራ» አሉ። ያሉት ይኸው ብቻ ነው።

በማግስቱ ለጾመኞቹ የሚሆን አዲስ ቢላ ተገዛ። የሐሙሱ አሳ ግን ቀረ። «ሐሙስ አሳ ላምጣ?» ስላቸው «ለማን?» ይሉኛል። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ብቻቸውን ሽሮ ይበላሉ፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት የሚውጡ ይመስል። ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ይህን አየሁ። እኔ ቀልደኛ ሰው ነኝ፤ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ቀልድ አለቀብኝ። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ባለቤቴን ጠይቋት።

በመጨረሻ አንድ ቀን ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሬ ኢስሊ፣ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ለደንበኛ ጨርቅ ይለካሉ። ሼህ ሁሴን በጣቃዎቹ መሃል ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ያ አሳ ቆራጭ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ሼህ።»

«ምን ፈለግህ?»

«ያን አሳ ላበላዎ ነው የመጣሁት።»

«በየትኛው ቢላ?»

«በቤትዎ ቢላ። እኔ ምንም አልያዝኩም» አልኩና ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ። የማታቱ መልስ ሳንቲም ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«አሳውስ?»

«እርስዎ ይግዙት።»

«ዘይቱስ?»

«የእርስዎ።»

«እሳቱስ?»

«እሱም የእርስዎ።»

«ታዲያ አንተ ምን ልታመጣ ነው?»

«ጋሽ ወልዴን።»

ሐጂ ከድር መቀሱን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ። ሼሁ መቁጠሪያቸውን እስከ ጫፉ ቆጠሩ። ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ ሲቆጥር አይቼ አላውቅም፤ በመሃል እንዳረጀሁ ይሰማኛል።

«እሁድ ይምጣ» አሉ።

ጋሽ ወልዴን እሁድ ማምጣት ሌላ ታሪክ ነው፤ ሙሉ በሬ በደረጃ ከማውጣት አይተናነስም። ብቻ ኮታቸውን ለብሰው መጡና ሳሎን ተቀመጡ። ሐጂ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሁለቱም ወረፋ እንደሚጠብቁ ሰዎች ሆነው መጋረጃውን አተኩረው ያያሉ።

እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ሼህ ሁሴን በርጩማ ስበው፣ እጄን በሚያዩበት በኩል ተቀመጡ። የቤቱን ቢላ ሰጡኝ። ቢላ ነው ማለት ይከብዳል፤ ማንኪያ ነው፣ ቢላ ለመሆን የሚመኝ። ሞረድ የለም። ከጎረቤት እንዳልዋስ ያ ሞረድ ምን ዓይነት ቢላ እንደሳለ ማን ያውቃል? ዞር ዞር ብዬ አየሁና የሸክላ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ደፋሁት። የሳህን ቂጥ ዙሪያው ቀለም ያልነካው ሻካራ ቀለበት አለው። ውሃ ነካ አደረግኩና ከተረከዙ እስከ ጫፉ ሳብኩት።

«ሳህኔን ልትሰብረው ነው?»

«ሼህ፣ ይህ ለጊዜው ሞረድ ሆኗል።»

ጠጋ ብለው አዩ። ሦስት አራቴ ከሳብኩ በኋላ «አምጣው እስቲ» ብለው ተቀበሉኝና እሳቸው ይስሉ ጀመር። ለካ በወጣትነታቸው ሞያሌ ላይ ፍየል እያረዱ ነው ያን ሁሉ ቤተሰብ ያሳደጉት። እጃቸው አልረሳም። አንዱን ጎን እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ሳልነው።

ቆሮሶውን አጋድሜ መተልተል ጀመርኩ። ባዕድ ቢላ፣ ባዕድ መክተፊያ፤ በዚያ ላይ ሼሁ ጢማቸው ትከሻዬን ሊነካኝ ደርሷል። አንዱን ጫን አደረግኩት።

«ደርሰሃል፣ አቁም!» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ።

ሼሁ ዞር አሉ። «ማን ነው ሳሎን ተቀምጦ አሳ የሚቆርጠው?»

«ወልዴ ነው» አሉ ሐጂ ከወዲያ። «በጆሮው ነው የሚያየው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሼህ ሁሴን ሲስቁ አየሁ። ሲስቁ ቁርጥ ሐጂን ነው የሚመስሉት።

በአንድ ትሪ አራት ሆነን በላን። ማንም ስለ ሃይማኖት፣ ማንም ስላለፈው አላነሳም፤ ሲሰማ የነበረው የአሳው ቆዳ ሲከሽ ብቻ ነው። አጥንቱ ባዶውን ሲቀር ሼህ ሁሴን ተነስተው ቢላውን ራሳቸው አጠቡ፣ አደረቁ፣ ከሐጂ ሱቅ በመጣ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ወልዴ» አሉ፤ «ይሄ ቢላ ሐሙስ ሐሙስ እናንተ ቤት እንግዳ ይሆናል። ከአሳ ሌላ አይነካም። አሳው ሲያልቅ ወደዚህ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሐጂ ከድር፣ ያ ኢስሊን የሚያንቀጠቅጡ ነጋዴ፣ እንደ ሕፃን አንገታቸውን ደፉ።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔስ?»

ሼህ ሁሴን ገላመጧቸው።

«ታዲያ ቢላው በእግሩ ነው የሚሄደው? ተሸክመህ ወስደህ፣ ተሸክመህ ትመልሰዋለህ እንጂ!»